ተከላካይ መሆን ለሚፈልግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ላይ ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ፤ ከልምምድ በኋላ ወላጆችም ልጆችም ሜዳ ዳር ይዘው የሚያቆሙኝ በነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ተከላካይ ስንት ዓይነት ነው?

ባጭሩ ሁለት። የመሐል ተከላካይ አለ፣ የመስመር ተከላካይ አለ። የመሐሉ በረኛው ፊት ሆኖ አጥቂ ይይዛል፣ ኳስ በቴስታ ያወጣል፣ የኋላውን መስመር ያዛል። የመስመሩ ጥግ ይዞ ይከላከላል፣ ኳስ ሲገኝ ደግሞ ወደ ፊት ይሮጣል። ከሦስት የመሐል ተከላካዮች ጋር ሲሰለፍ "ተመላላሽ" ይሉታል። ስሙ ሥራውን ይናገራል።

ድሮ አጥቂ የሚይዝ ስቶፐርና ከሁሉም ኋላ የሚቆም ሊቤሮ ነበር። አንዳንድ አባቶች ዛሬም "ልጄን ሊቤሮ አድርግልኝ" ይሉኛል። ከሁሉም ኋላ ቆሞ የሚጠርግ ሰው አሁን የሚጠቀም ቡድን እምብዛም የለም። አንድ ሰው ብቻውን ወደ ኋላ ከቀረ የተጋጣሚን አጥቂ ሁሉ ከጨዋታ ውጪ ከመሆን ያድነዋላ።

ልጄ አጭር ነው። ተከላካይ መሆን ይችላል?

ይችላል። የጣሊያኑ ፋቢዮ ካናቫሮ ቁመቱ 1.76 ሜትር ገደማ ነው፤ ያውም የመሐል ተከላካይ። እ.ኤ.አ. በ2006 አምበል ሆኖ የዓለም ዋንጫን አነሳ፤ የዚያኑ ዓመት የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ባሎን ዶርንም ወሰደ። ከሱ ወዲህ ያን ሽልማት የወሰደ ተከላካይ የለም።

ግን ልዋሽዎት አልፈልግም። ምልመላ ላይ የአሠልጣኝ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ረጅሙ ልጅ ላይ ነው። አጭሩ ልጅ ኳሷ ከመድረሷ በፊት ቀድሞ መዝለልን መማር አለበት። ደግሞ የ13 ዓመት ልጅ ቁመት ምንም አይነግርም። ክረምቱን ጠፍቶ መስከረም ላይ ሲመለስ ያላወቅሁት ልጅ አለ።

ሐዋሳ ላይ መንገዱ ከየት ይጀምራል?

ከሰፈር ሜዳ። ቀጥሎ "ፕሮጀክት" የምንለው የታዳጊዎች ሥልጠና አለ። ከዚያ የክለብ ከ17 ዓመት በታች፣ ከዚያ ከ20 ዓመት በታች፣ ከዚያ ዋናው ቡድን። ወረቀት ላይ እንዲህ ነው። እውነቱ ሲታይ ግን ብዙው ልጅ ከ20 ዓመት በታች ቀጥታ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አይገባም። ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ወዳሉት አንደኛ ሊግ ወይም ከፍተኛ ሊግ ሄዶ ሁለት ሦስት ዓመት ይበስላል።

ለተከላካይ ይሄ ውድቀት አይደለም። የ18 ዓመት አጥቂ ተቀይሮ ገብቶ ሦስት ኳስ ቢያበላሽ ማታውኑ ይረሳል። የ18 ዓመት ተከላካይ አንድ ኳስ ካበላሸ ጎል ነው። አሠልጣኞች ወጣት ተከላካይ ማሰለፍ የሚፈሩት ለዚህ ነው።

ከተማችን የኳስ ከተማ ናት። ከነማ እያልን የምንጠራው ሐዋሳ ከተማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ወስዷል። አዳነ ግርማና ሽመልስ በቀለ በዚህ ክለብ ማልያ ያለፉ ናቸው። ልጁ ሁሉ እነሱን መሆን ነው የሚፈልገው፤ "ተከላካይ ልሁን" ብሎ የሚመጣ የለም። ብዙዎቻችን አጥቂ ነን ብለን መጥተን አሠልጣኝ ወደ ኋላ የመለሰን ነን። እኔም እንደዚያው።

ሴት ልጄስ?

ትምጣ። ሐዋሳ ከተማ የሴቶች ቡድንም አለው፤ ሎዛ አበራ ትልቅ ስም ከማውጣቷ በፊት እዚህ ተጫውታለች። እሷ አጥቂ ናት፤ የሴት ተከላካይ ግን ሁሌም ይፈለጋል።

ተከላካይ ምን ይለማመዳል? መጠለዝ አይደል እንዴ?

መጠለዝም አለበት፤ አልክድም። መጀመሪያ የማስተምረው ግን አቋቋም ነው። ኳስ ግራ ጥግ ላይ ስትሆን ልጁ ደረቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ኳሷ ካዞረ፣ ከኋላው ያለው አጥቂ ጠፋበት ማለት ነው። ጎን ለጎን መቆም አለበት፤ አንድ ትከሻ ወደ ኳስ፣ አንድ ትከሻ ወደ ሰው። በየሁለት ሴኮንዱ አንገቱን ማዞር አለበት።

ለዚህ አንድ ጨዋታ አለኝ። ከጎሉ ጀርባ ቆሜ ጣቶቼን አነሳለሁ። ኳሷ ከጥግ ከመሻማቷ በፊት ልጁ ዞር ብሎ አይቶ ቁጥሩን ጮክ ብሎ መናገር አለበት። ባለፈው አንድ የ14 ዓመት ልጅ ዓይኑን ከኳሷ ላይ ሳይነቅል በልበ ሙሉነት "ሦስት!" አለኝ። ሁለቱም እጆቼ ኪሴ ውስጥ ነበሩ። ኳሷም አናቱ ላይ አልፋ ከኋላው ያለው ልጅ በቴስታ አገባት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ "ሦስት" ሆኗል።

ሁለተኛው አፍ ነው። "ውጣ"፣ "ያዝ"፣ "የኔ"፣ "ሰው መጣብህ"፣ "ብቻህን ነህ"። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ቁራጭ የሚጠብቁትን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች አይታችኋል? አቋቋማቸው እንከን የለውም፤ ቁራጯ ስትወድቅ ቀድመው ይደርሳሉ። ችግራቸው ዝምታቸው ነው። ዝምተኛ ተከላካይ የራሱን ሰው ይይዝ ይሆናል፤ ጎረቤቱን ግን ያስበላል። እቤት ውስጥ ዝም በሉ እየተባሉ ያደጉ ልጆች ላይ አፍ መክፈት ስድስት ወር ይፈጃል።

ሦስተኛው እግር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የመልስ ምት ሲመታ ተከላካዩ ኳሷን እዚያው ፍፁም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ መቀበል ይችላል። ድሮ ከክልሉ መውጣት ነበረባት። አሁን አጥቂ እየሮጠበት ከጎሉ ፊት ጨዋታ የሚጀምረው ተከላካዩ ነው። እርግጥ ሜዳችን ላይ ኳሷ መሬት ለመሬት ስትመጣ ትነጥራለች። ይሄን የሚያውቅ ልጅ መቼ መቀባበል መቼ መጠለዝ እንዳለበት ይለያል።

ሸርተቴ መግባት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

የመጨረሻ መድኃኒት ነው። ሸርተቴ የገባ ተከላካይ እስኪነሳ ድረስ ቡድኑ በ10 ሰው ይጫወታል። ተመልካች ይወደዋል፣ ያጨበጭባል። እኔ ግን በጨዋታ አምስቴ ሸርተቴ የገባ ልጅ ሳይ፣ አምስቴ ቦታውን ስቶ ነበር ማለት ነው ብዬ እቆጥራለሁ።

"የመጨረሻ ሰው" ሆኖ ጥፋት ከሠራ ሁልጊዜ ቀይ ነው?

አይደለም። ሕጉ ውስጥ "የመጨረሻ ሰው" የሚል ነገር የለም። ዳኛው የሚጠይቀው ግልጽ የጎል ዕድል ተከልክሏል ወይ ብሎ ነው። አራት ነገር ያያል፦ ከጎሉ ያለውን ርቀት፣ ጨዋታው የሚሄድበትን አቅጣጫ፣ አጥቂው ኳሷን የመቆጣጠር ዕድሉን፣ ሌሎቹ ተከላካዮች የት እንዳሉና ስንት እንደሆኑ። ከመሐል ሜዳ አካባቢ ወደ ጥግ የሚሸሽ አጥቂን ብትጥለው የመጨረሻ ሰው ሆነህም በቢጫ ልታልፍ ትችላለህ።

ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የሆነውን ብዙ ሰው ያስታውሳል። ካሜሩን ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ስትጫወት፣ የመሐል ተከላካዩ ያሬድ ባየህ ገና በ12ኛው ደቂቃ በቪዲዮ ዳኝነት (ቪኤአር) ታይቶ በቀይ ወጣ። ዋልያዎቹ ቀሪውን ሁሉ በ10 ሰው ተጫውተው 1 ለ 0 ተሸነፉ። ያን ቀን ሐይቅ ዳር ካፌ ውስጥ ሆኜ ነበር የማየው። ሰው ሁሉ ልጁን ሲሰድብ እኔ የማስበው ኳሷ እንዴት ከጀርባው ልታልፍ ቻለች የሚለውን ነበር። ተከላካይ የሚጠፋው ካርዱ ከመመዘዙ አምስት ሴኮንድ በፊት ነው።

ፍፁም ቅጣት ምት ክልሉ ውስጥ ከሆነ ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ፣ ኳሷን ለመንካት ሞክሮ አጥቂውን የጣለ ተከላካይ ፍፁም ቅጣት ምት ያሰጣል፤ ካርዱ ግን ቢጫ ነው። ከጎተተ፣ ከገፋ ወይም ኳሷን የመንካት ምንም ዕድል ሳይኖረው ከመታ ቀይ ነው። ስለዚህ ልጆቼን "እጃችሁን ሰብስቡ" የምላቸው ለሥነ ሥርዓት ብዬ አይደለም።

ቢጫ ካርድ ይሄን ያህል ያስፈራል?

ተከላካይ ቢጫዎቹን እንደ ዕቁብ መቁጠር አለበት። ቡድን መሪ ይቆጥርልኛል ብሎ መተው አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2013 ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኢትዮጵያ ቦትስዋናን እዚያው ቦትስዋና ላይ 2 ለ 1 አሸንፋ ነበር። በሁለት ቢጫ የታገደ ተጫዋች ተሰልፎ ስለተገኘ ፊፋ ውጤቱን ሰረዘና 3 ነጥባችን ሄደ። ተጫዋቹ ተከላካይ አልነበረም፤ ግን ትምህርቱ የሁሉም ነው። እንደ ዕድል ሆኖ በኋላ የምድብ ማጣሪያውን አለፍን እንጂ፣ እስከ ዛሬ ባልተኛን ነበር።

ለሐዋሳ የሚጫወት ልጅ ሐዋሳ ነው የሚኖረው?

ሁልጊዜ አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰብስበው ተከታታይ ጨዋታ የሚያደርጉበት አሠራር መጣ። ሐዋሳም አዳማም አስተናግደዋል። ተጫዋች ሳምንታትን ሆቴል ውስጥ ያሳልፋል። ጨዋታው ሐዋሳ የሆነ ጊዜ እናት ምግብ ይዛ ትመጣለች። ሌላ ከተማ ከሆነ ስልክና ካርታ ብቻ ነው። ይሄን የማይችል ልጅ አለ፤ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ደመወዙ ስንት ነው?

የሰው ደመወዝ አልናገርም። ግን በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የወር ደመወዝ ጣሪያ 50,000 ብር እንዲሆን ተወስኖ እንደነበር የታወቀ ነው። ጣሪያ ሲመጣ በጎን የሚሰጥ የፊርማ ገንዘብ ወሬም አብሮ መጣ። በጎን የተሰጠ ገንዘብ ደስ ይላል፤ ክርክር ሲነሳ ግን የትም አልተጻፈም።

አብዛኞቹ ክለቦቻችን የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ድርጅት ናቸው። ገንዘቡ ከበጀት ይመጣል። ስለዚህ ውል ሲፈረም ሁለት ነገር ይጠየቅ፦ ቁጥሩ የተጣራ ነው ወይስ ግብር ያልተነሳለት? ፊርማው በአንዴ ይከፈላል ወይስ በየወሩ ይከፋፈላል? ግብሩ ከላይኛው ገቢ ላይ 35 በመቶ ስለሚደርስ ልዩነቱ ቀልድ አይደለም።

በነገራችን ላይ ተከላካይ ርካሽ ነው የሚለው ነገር አርጅቷል። ሊቨርፑል ለቫን ዳይክ 75 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ማንቸስተር ዩናይትድ ለማጓየር 80 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍለዋል። ሁለተኛው ዋጋ ያወጣ አያወጣ ሌላ ክርክር ነው።

ደመወዝ ቢቆም ምን ይደረጋል?

እኔ ላይ ደርሷል። የክለቡን ስም አልጠራም። አራት ወር ሙሉ "ነገ ይገባል" ተባልን። እኔም በየሳምንቱ ቢሮ እየሄድኩ በአፌ ጠየቅሁ። ጸሐፊዋ ሻይ ትጋብዘኛለች፣ ጠጥቼ እመለሳለሁ። በመጨረሻ ክርክር ሲነሳ "መቼ ጠየቅክ?" አሉኝ። ምን ላሳይ? ሻዩን?

የፊፋ ደንብ፣ ክለብ የሁለት ወር ደመወዝ ካልከፈለ ተጫዋቹ በጽሑፍ አሳውቆ ቢያንስ 15 ቀን ጊዜ ከሰጠ በኋላ በበቂ ምክንያት ውሉን ማቋረጥ ይችላል ይላል። ዋናው "በጽሑፍ" የሚለው ነው። ደብዳቤ አስገቡ፣ ኮፒው ላይ አስፈርሙ፣ ቀን ይኑረው። ውሉም ፌዴሬሽን ዘንድ መመዝገቡን አረጋግጡ፤ አንድ ቅጂ እናታችሁ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ሳይፈቀድላችሁ ከልምምድ አትቅሩ። አንድ ቀን የቀራችሁ እንደሆነ ጥፋተኛው እናንተ ናችሁ።

ዕድሜ መቀነስ ይጠቅማል? ሁሉም ያደርገዋል ይባላል።

ይሄን ጥያቄ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀኝ። መልሴ አይጠቅምም ነው። ከ17 ዓመት በታች ውድድሮች ላይ የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ይታያል። አጥንቱ ሙሉ በሙሉ ገጥሞ ከተገኘ ልጁ ይመለሳል፤ የቡድኑም ዕድል ይበላሻል።

ሌላም አለ። ከታናናሾቹ ጋር የሚጫወት ተከላካይ በጉልበቱ ስለሚያሸንፍ አቋቋም አይማርም። እኩዮቹ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ እኩል ይሆንና ባዶ እጁን ይቀራል። ለተከላካይ ከታላላቆቹ ጋር መጫወት ነው የሚጠቅመው።

ጉዳት ቢደርስስ?

ይደርሳል። ተከላካይ ቁርጭምጭሚቱን፣ ጉልበቱን፣ የጭኑን የኋላ ጡንቻ ይጎዳል። የጉልበት መስቀለኛ ጅማት ከተበጠሰ ብዙ ጊዜ ዘጠኝ ወር ገደማ ያስቀምጣል፤ ቸኩሎ የተመለሰ ደግሞ ሊደግመው ይችላል። ወጌሻ ጋር ሄዶ መታሸት የለመደ ልጅ ካለ፣ ጉልበት ካበጠ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ሕክምናውን ማን እንደሚከፍል ውሉ ውስጥ ይጻፍ።

ጭንቅላት ለጭንቅላት ከተጋጨ በኋላ የደነዘዘ፣ የተምታታበት ወይም ያስመለሰው ልጅ ያን ቀን አይጫወትም። በቃ። ውኃ አፍስሰን የምናስነሳው ነገር ይቅር።

ተከላካይ እስከ ስንት ዓመቱ ይጫወታል?

ከአጥቂ ይቆያል፣ በተለይ የመሐሉ። ፓውሎ ማልዲኒ እ.ኤ.አ. በ2009 ያቆመው 41 ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ያውም ዕድሜውን ሙሉ ሚላን። የጀመረው በመስመር ነው፤ ሩጫው ሲከብድ ወደ መሐል ገባ። የኛው ደጉ ደበበም በ2013ቱ (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ዋንጫ አምበል ነበር፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሊጉ ላይ አይተነዋል። ፍጥነት ሲቀንስ ዓይን ይተካዋል፤ ቀድሞ ያነበበ ሰው ቀድሞ መሮጥ አያስፈልገውም።

ውጭ አገር መሄድ ይቻላል? አንድ ሰው ገንዘብ ክፈልና እልክሃለሁ አለኝ።

መጀመሪያ ገንዘቡን ኪስህ መልስ። የፊፋ ፈቃድ ያለው ወኪል ፈተና አልፎ ነው ፈቃዱን የሚያገኘው፤ ክፍያውንም የሚያገኘው ከተፈረመ ውል ነው። "የቪዛ ማስጀመሪያ" ብሎ ቴሌብር ቁጥር የሚልክ ሰው ወኪል አይደለም። ዕድሜህ ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር፣ ፊፋ ዓለም አቀፍ ዝውውር አይፈቅድም። የ16 ዓመት ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ሌላ ነገር ነው ይዞ የሚሄደው።

ይቻላል ወይ ላልከው፣ ከባድ ነው። ከኛ አገር ወጥተው የተሳካላቸው ብዙዎቹ አጥቂና አማካይ ናቸው፦ ሳላዲን ሰዒድና ሽመልስ በቀለ ግብፅ፣ ጋቶች ፓኖም ሩሲያ። የአጥቂ ጎል በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይታያል። ተከላካይ ጥሩ የሠራበት ቀን ምንም ያልተፈጠረበት ቀን ነው፤ ያልተፈጠረ ነገር እንዴት ቪዲዮ ይሆናል? ስለዚህ የራስህን ሙሉ ጨዋታ አስቀምጥ፣ 90 ደቂቃውን። ቁርጥራጩን የሚጠይቅህ ብዙ ነው፤ ከልቡ የሚፈልግህ ክለብ ግን ሙሉውን ይጠይቃል።

ሰፈርህንም አትርሳ። ከ12 እስከ 21 ዓመትህ ያሠለጠኑህ ክለቦች ውጭ ስትፈርም የሥልጠና ካሳ ሊያገኙ ይችላሉ። የት የት እንደተጫወትክ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ግን አንድ ብር አይመጣም።

የራሱ ጎል ላይ ያገባ ተከላካይ እንዴት ይመለሳል?

ይሄን የሚጠይቁኝ እናቶች ናቸው፣ ልጁ ራት አልበላም ሲሏቸው። የኔን ልንገራችሁ። ከፍተኛ ሊግ ላይ በ88ኛው ደቂቃ ከቀኝ የተሻማች ኳስ አወጣለሁ ብዬ በቴስታ ገጨሁ፤ በረኛችንን አታልላ ገባች። ጥሩ ጎል ነበረች፣ አልዋሽም። በማግስቱ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ በመስታወቱ ደጋግሞ አየኝና "ይቅርታ ወንድሜ፣ የትናንቷን ያገባሃት አንተ ነህ አይደል?" አለኝ። አዎ አልኩት። ሒሳብ አልተቀበለኝም። የሌላኛው ቡድን ደጋፊ ነው።

አሠልጣኙ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ጎሏ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሐሙስ ልምምድ ላይ ብቻ ያችኑ ኳስ ከቀኝ ሠላሳ ጊዜ አስሻማብኝ። እሑድ ቋሚ አሰላለፍ ሲነበብ ስሜ አለ። ጨዋታው በተጀመረ በሁለተኛው ደቂቃ ከቀኝ ተሻማች። ዞር ብዬ አየሁ፤ ከኋላዬ ማንም የለም። ደረቴ ላይ አብርጄ በሥርዓቱ ማቀበል እችል ነበር። ጠለዝኳት። የሜዳው አጥር ውጪ የቆመ አይሱዙ ላይ ነው ያረፈችው።